ከአሮን ጎል ጀርባ

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ሦስት ለባዶ። መሸነፉ አይደለም የሚያናድደኝ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ስደግፍ ሽንፈት ለምጃለሁ። የሚያናድደኝ ተሸንፈው ሲያበቁ እየሳቁ ማልያ መለዋወጣቸው ነው። እነዚህን ልጆች እንኳን ኳስ፣ ሱቄ ውስጥ ቁልፍ እንዲተክሉ አላምናቸውም።

ሊጉ እንደ ድሮው በየሜዳችን አይደረግም። ክለቦቹን ሁሉ አንድ ከተማ ሰብስበው ያጫውቷቸውና ወደ ሌላ ከተማ ያዛውሯቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር በሙሉ ከልብስ ስፌት ሱቄ ፊት ለፊት ባለው ምግብ ቤት፣ በቴሌቪዥን ነው ያየሁት፤ ከጋሽ ኤርካሎ ጋር። ጋሽ ኤርካሎ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። እኔ ስሳደብ እሳቸው ሻያቸውን ያማስላሉ።

ከሁሉም የባሰው በረኛው ነው። አሮን ይባላል፣ እዚሁ ሶዶ አጠገብ ተበላ ከምትባል ከተማ የመጣ ልጅ። ቁመት ሰጥቶት ድፍረት ነስቶታል። የማዕዘን ምት ሲመጣ መስመሩ ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ ታክሲ የሚጠብቅ ይመስላል። ስድስት ዓመት ለእኛ ሲጫወት አንድ ቀን ደፍሮ ሲወጣ አላየሁም።

«ያጋለጡት ተከላካዮቹ ናቸው» አሉ ጋሽ ኤርካሎ።

እሺ። ተከላካዮቹም የማይረቡ ናቸው። አሠልጣኙም። ቦርዱም። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ጨዋታው ሐዋሳ ነው፤ ቅርብ ስለሆነ ሄጄ በዓይኔ በብረቱ እያየሁ እቃጠላለሁ።

የካቲት 6

ጥድፊያ ላይ ነኝ። ሃያ ሁለት የመዘምራን ልብስ፣ እስከ ቅዳሜ። ቤዛዊት ጠዋት ከሥራ ደወለች። «እማ፣ እሑድ ቤት ነሽ?» ከመቼ ወዲህ ነው ቤት መሆኔ የሚጠየቀው? ጨዋታ እንደሌለ ሳታጣራ አልቀረችም።

የካቲት 9፣ እሑድ

ቤዛዊት ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሃያ አምስት ሞልቷት በሆስፒታል ላቦራቶሪ ትሠራለች። ዛሬ ምሳ በልተን ስንጨርስ ሳህኑን ሳታነሳ ተቀመጠች።

«ሽማግሌ ሊልክ ነው» አለች።

«ማን?»

«አሮን።»

«የቱ አሮን?»

የውሃውን ብርጭቆ ወደ እኔ ገፋች።

«በረኛው?»

«ስም አለው።»

«ስሙንማ አውቃለሁ፤ በየሳምንቱ ነው የምጠራው።»

«እንዴት እንደምትጠሪውም አውቃለሁ» አለችኝ።

ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ እዚህ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ልጁን ሳወርድ ሳወጣው፣ እሷ ጓዳ ሆና ሳህን ስታጥብ ነበር። ሐኪም ሞልቷል፣ ነጋዴ ሞልቷል፣ የኛም ሰዎች ልጆች አሉ፤ አባቴ ከጉራጌ አገር ወጥቶ እዚህ ሱቅ የከፈተው የልጅ ልጁ ለበረኛ እንድትዳር አይደለም። ለጥሩ በረኛ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው።

በሚቀጥለው ዓመት የድሬዳዋ ክለብ ይፈልገዋል አለች። እሷም እዚያ ሥራ ታገኛለች። ምኑን አይተው እንደፈለጉት እነሱ ያውቃሉ።

ማታ ጋሽ ኤርካሎን ድሬዳዋ በመኪና ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ጠየቅኳቸው። እንዲያው ለማወቅ ያህል።

የካቲት 18

ሳሚ መጣ። የደጋፊ ማኅበሩ አስተባባሪ ነው፤ ድምፅ ማጉያ ስለያዘ ሐሳብም ያለው ይመስለዋል። ለእሑድ ባንዲራ እንድሰፋለት ፈለገ። «እትዬ፣ ትልቅ ይሁን፣ በካሜራ እንዲታይ።» ለእነሱ ኳስ ማለት በካሜራ መታየት ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ የመጡ ናቸው፤ ወደ ታችኛው ሊግ ብንወርድ አንዳቸውም አይገኙም። እኔ ግን እገኛለሁ።

ሰፋሁለት። አጣጥፌ ስሰጠው አመሰግናለሁ እንኳ አላለም።

ቤዛዊት ሽማግሌው መቼ ይምጣ ብላ ሁለተኛ ጠየቀችኝ። ከውድድሩ በኋላ አልኳት። ልጁ አሳቡ እንዳይከፋፈል ነው።

የካቲት 23፣ እሑድ

ከሐዋሳ አሁን ገባሁ። እግሬ አብጧል።

እንደ ልማዴ ከጎሉ ጀርባ፣ ከታች የመጀመሪያው መቀመጫ ላይ ነበርኩ። በሁለተኛው አጋማሽ አሮን እኛ በኩል መጣ። እስከ ሰባኛው ደቂቃ ባዶ ለባዶ ነበርን። ከዚያ የማዕዘን ምት መጣ፤ ልጁም ወጣ። በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። ሁለት እጁን ዘረጋ፣ ኳሷ በሁለቱ እጆቹ መሀል አልፋ ሄደች፤ አጥቂያቸው በግንባሩ አስገባት።

ሜዳው ለአንድ አፍታ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መሀል አንድ ሰው «ወንፊት!» አለ።

ሰው ሳቀ። ሳሚ በማጉያው ተቀበለው። ከዚያ በኋላ ያቆመው አልነበረም፤ ሁለት ሺህ ሰው እያጨበጨበ ወንፊት፣ ወንፊት፣ ወንፊት፣ እስከ መጨረሻው ፊሽካ። አሮን ኳሷን ከመረቡ ሊያወጣ ዞረ፤ ግን ኳሷን አላየም፣ ከጎሉ ጀርባ ያለነውን ነው ያየው። ማንን እንደሚፈልግ እንጃ።

አንድ ለባዶ። ኳስ ያልያዘ በረኛ ይጮኽበታል፤ ደሞዝ ይከፈለዋል፣ ይቻለው።

ድምፄ ተዘግቷል። የሐዋሳ ንፋስ ነው። ዝንጅብል አፍልቼ እየጠጣሁ ነው።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ከተማው ሥራ ፈት ነው። ባጃጅ መስታወት ላይ «ወንፊት» ብለው ጽፈው አየሁ። ከሱቄ አጠገብ ያለው ጫማ ሻጭ ደንበኛ ሲከራከረው «እኔ ወንፊት ነኝ እንዴ?» ይላል። ትናንት ስለ ኳስ የማያውቀው ሁሉ ዛሬ ቀልድ አዋቂ ሆኗል።

ቪዲዮው በየስልኩ ገብቷል። ቤዛዊት እራት ላይ ከፈተችው። ድምፁን ከፍ አድርጋ አዳመጠችው፣ መልሳ አዳመጠችው።

«መጀመሪያ የሚሰማው የሴት ድምፅ ነው» አለች።

«ሴት ደጋፊ ሞልቷል» አልኳት።

ስልኩን ዘጋችና ተነሳች። ከጎሉ ጀርባ አራት ሴቶች ነበርን።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሱቅ ውስጥ እያለሁ አንዲት ረጅም፣ ቀጭን ሴት በሩ ላይ ቆመች። በላስቲክ የተጠቀለለ ጨርቅ ይዛለች።

«አንተ ነህ የቤዛዊት እናት?» አለችኝ።

አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። ልስቅ ነበር፤ ቁመቷን ሳይ ግን ማን እንደሆነች ገባኝ። በወላይትኛ መለስኩላት። ሶዶ ተወልጄ አድጌ ቋንቋውን ባላውቅ ነው የሚገርመው። ፊቷ ፈታ አለ፤ ከዚያ በኋላ ያወራነው ሁሉ በዚያው ነው።

አባይነሽ ትባላለች፣ የአሮን እናት። ተበላ ገበያ ላይ ቅቤና ጎደሬ ትሸጣለች። በሚኒባስ የመጣችው ለሽማግሌው ቀን የምትለብሰውን ቀሚስ እኔው እንድሰፋላት ነው። «ከቤታችን ሰው ወጥቼ ባዕድ ዘንድ አላሰፋም» አለች። እስካሁን እሺ ያላልኩትን ነገር እሷ ጨርሳዋለች።

ወገቧን ስለካ፣ ትከሻዋን ስለካ ታወራለች።

«ጎረቤት ቤት በቴሌቪዥን አየሁት። ያ ሁሉ ሰው ልጄን ይጠራል። ወንፊት ይሉታል። ቃሉን ጎረቤቴን ጠይቄ ነው የተረዳሁት፤ ዱቄት የምንነፋበት ነው አለችኝ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ወንፊት ደግ ዕቃ ናት። ዱቄቱን ለሰው ትሰጣለች፣ እብቁን ለራሷ ታስቀራለች። ልጄ ክፉውን ያስቀርልናል ማለታቸው ነው፣ አይደል?»

አፌ ውስጥ ስፒል ነበር። አንድ በአንድ አወጣሁት።

«አዎ» አልኳት።

«አውቄዋለሁ» አለች። «አባቱ ይህን ሳይሰማ ሞተ።»

የቀሚሱን ርዝመት ሁለት ጊዜ ለካሁ፤ መጀመሪያ የጻፍኩት ቁጥር ጠፍቶብኝ ነበር።

መጋቢት 7

ምን ልላት ነበር? አይደለም፣ ስድብ ነው፣ ያመጣሁትም…

ያራባው ሳሚ ነው። ያለ ማጉያ የትም አይደርስም ነበር።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

አንድ ለባዶ አሸነፍን። አሮን ሦስት ኳስ አዳነ ይላሉ። አንዱ ራሱ መጥቶ ደረቱን ነው የመታው፤ እሱን አልቆጥረውም። ሁለቱን አድኗል። አንደኛዋ፣ በግራ በኩል ከታች የወጣችው፣ ደህና ናት። ደህና ከሚለው በላይ ልጽፍላት ፈልጌ ነበር፤ ይቅር።

በዚህ ጨዋታ ከጎሉ ጀርባ አልተቀመጥኩም። ከጎን ነበርኩ። ለዓይን ይሻላል።

ጋሽ ኤርካሎ አብረውኝ መጥተው ነበር። «ቦታሽን ለምን ለቀቅሽ?» አሉ። ፀሐይ ነው አልኳቸው። ወደ ሰማይ ቀና ብለው አዩ፤ ደመና ነበር። ሰው ዝም ሲል እንዲህ የሚያናድድ አላየሁም።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

በዓሉ አለፈ። አባይነሽ በሚኒባስ ሾፌር ቅቤና ጎደሬ ላከችልን። ቅቤ አውቃለሁ፣ በቅቤ ማንም አያታልለኝም፤ ጥሩ ቅቤ ነው። አልበላሁም። ቤዛዊት ብቻዋን በላች፣ ሳታናግረኝ።

አቻ ከወጣን በሊጉ እንቆያለን፣ ከተሸነፍን እንወርዳለን፤ አንድ ጨዋታ ነው የቀረው። አሠልጣኙ በሬዲዮ «ልጆቼ ላይ እምነት አለኝ» አለ። እኔ በአሠልጣኙ ቀበቶ እንኳ እምነት የለኝም፤ ሁልጊዜ ሱሪውን ሲጎትት ነው የማየው።

ሳሚ ከሰዓት መጣ። ወንፊት የተሣለበት ትልቅ ሸራ ፈለገ፤ «ተጫዋቾቹን ለማነሣሣት።»

«ጨርቅ የለኝም» አልኩት። ከኋላዬ ጨርቁ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል።

«እትዬ፣ እርስዎ የጀመሩት ነገር እኮ ነው» አለኝ።

አንዲት ደንበኛ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«ውጣ» አልኩት።

ወጣ። ደንበኛዋም ልብሷን ሳትለካ ሄደች። እንግዲህ ተጻፈ፤ ከዚህ ወዲያ በዚህ ደብተር ላይ «አንድ ሰው» እያልኩ አልጽፍም። እኔ ነኝ። ኳሷ በእጆቹ መሀል ስታልፍ ልጄን ወደ ድሬዳዋ ይዞ የሚሄድ ሰው ነበር የታየኝ፤ አፌን ከፈትኩት።

ግንቦት 3፣ እሑድ

ወረድን።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ጠዋት የደጋፊው አውቶቡስ ከሶዶ ሊነሳ ሲል አባይነሽ ከቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ጋር መጣች። የሰፋሁላትን ቀሚስ ለብሳለች፤ ትከሻው ላይ ትንሽ ይጨማደዳል፣ የኔ ጥፋት ነው። አጠገቤ ተቀመጠች። ከተበላ አልፋ ስትሄድ ሶዶ ድረስ ብቻ ነበር፤ ሐዋሳን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ስታዲየም ገብተን «ልጄ የት ነው የሚቆመው?» አለች። አሳየኋት። «እዚያ እንቀመጥ» አለች። ከጎሉ ጀርባ።

ተጫዋቾቹ ሲገቡ ብድግ አለች። ሁለት እጇን አንስታ «ወንፊት! የኔ ልጅ ወንፊት!» ብላ ጮኸች። ከኋላችን ያሉት ወደቁ በሳቅ። ስልክ አወጡ። ሳሚ እየሮጠ መጥቶ ማጉያውን አፏ ላይ ያዘላት። እሷ የሳቁትን የተደሰቱ መሰላት። እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ሻካራና ሞቃት ነው።

«አንቺም በይ እንጂ» አለችኝ።

አልኩ። ሁለት ጊዜ።

አሮን ሰማ። ዞረ። እናቱን አየ፣ አጠገቧ እኔን አየ። እንደ ምርቃት ተቀብሎ ለእናቱ እጁን ከፍ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት። ከዚያ ዞሮ ጓንቱን አጠበቀ።

እንደ ዛሬው ሲጫወት አይቼው አላውቅም። ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ። ሦስት ጊዜ ወጥቶ በቡጢ መታ። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ የራሳችን ተከላካይ፣ ያ ፀጉሩን ቢጫ የቀባው፣ እግሩን አስገብቶ ኳሷን ወደ ራሳችን ጎል ቀየራት። በዓለም ላይ ያለ በረኛ አይይዛትም። ይህን እኔ ነኝ የምለው።

ከጨዋታው በኋላ እናቱን ሊሸኝ አውቶቡሱ ድረስ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። እሷን አስቀምጦ ሲወርድ በሩ ላይ ተገናኘን።

«ማዘር፣ ደህና ነዎት?» አለኝ።

መንገዱን ልለቅለት ወደ ጎን አልኩ።

«ድምፅዎን አውቀዋለሁ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ስድስት ዓመት ከጀርባዬ ነዎት። ‹ግራህን!› ሲሉ ግራዬን አያለሁ። ሁለት ጊዜ ከጎል አድነውኛል። ያን ቀንም አውቄዎታለሁ።»

«ለቤዛዊት ነገርካት?»

«አልጠየቀችኝም። ለእናቴ ግን እንዳይነግሩብኝ። ደስ ብሏታል።»

በመንገዱ ሁሉ አባይነሽ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር። እስከ ሶዶ አልተንቀሳቀስኩም።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ሳሚ የአባይነሽን ቪዲዮ ለቆታል። «የወንፊት እናት» ብሎ። ሥር የተጻፈውን እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ሳሚን ልሰድበው አሰብኩና ቃል አጣሁ፤ ያሉኝን ቃላት ጨርሻቸዋለሁ። ይህ ነገር አንድ ቀን ተበላ ገበያ ይደርሳል፤ ከባዕድ አፍ ትሰማዋለች።

ቤዛዊትን ሽማግሌው እሑድ ሳምንት ይምጣ አልኳት። «እርግጠኛ ነሽ?» አለች። ነኝ አልኳት።

ግንቦት 17፣ እሑድ

መጡ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ አባይነሽና አሮን። በእኛ በኩል፣ አባቷ ስለሌለ፣ ጋሽ ኤርካሎ ተቀመጡ። ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ቀጥ ብለው።

ንግግሩ ተጀመረ፣ የተለመደው ተባለ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ «በሁለቱ ቤት መካከል ቅሬታ ካለ ዛሬ እዚህ ይነገር» አሉ። የሚጠየቀው ለወጉ ነው፤ ሁሉም «የለም» ይላል።

«አለ» አልኩ።

አሮን ራሱን በትንሹ ነቀነቀ፣ አይንገሩ እንደማለት። እኔ ግን ወደ እናቱ ዞሬ በወላይትኛ ተናገርኩ። ወንፊት ስድብ እንደሆነ። ኳስ አያቆምም ማለት እንደሆነ። መጀመሪያ ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ። ሱቅ ውስጥ ስትጠይቀኝ እንደዋሸኋት። ሰበብ አልጨመርኩም፤ ልጨምር አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

አባይነሽ እጆቿን አየች።

«ሐዋሳስ?» አለች። «እጅሽን ይዤ አንቺም በይ ስልሽ?»

«አልኩ።»

«አንቺ ልጄን መስደብሽን ተይው። ኳስ ነው፣ ሰው ይሳደባል። እኔን ለምን አብረሽ አስጮህሽኝ?»

ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። ሽማግሌዎቹ ተከተሏት። አሮን ቤዛዊትን አየና እናቱን ተከተለ። ገበታው ሳይነካ ቀረ።

ጋሽ ኤርካሎ ሲወጡ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ቤዛዊት ምግቡን መለሰች፣ ብርጭቆውን አነሳች። ጓዳ በር ላይ ቆማ፣ «አሁን የተናገርሽው ለእሷ ብለሽ ነው፣ ወይስ አንቺን እንዲቀልሽ?» አለችኝ።

ሁለቱንም ሳይሆን አይቀርም። አልቀለለኝም።

ግንቦት 20

ሱቅ ዘግቼ ዋልኩ። አሮን ለቤዛዊት ደውሎ «እናቴ አትናገርም፣ ጠብቂ» ብሏታል። አልተቆጣም አለችኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስድስት ዓመት ድፍረት የለውም ስል የኖርኩት ስለዚህ ሰው ነው።

ግንቦት 27

ተበላ ሄድኩ። የገበያ ቀናቸው ነው። ሙቀቱ ይገድላል። ይህን ሜዳ በእግሯ ረግጣ፣ በሚኒባስ ታጭቃ ሱቄ ድረስ ስትመጣ ምን ያህል እንደደከማት ያን ቀን አልጠየቅኳትም።

አባይነሽ ከግራር ሥር ቅቤዋን በኮባ ቅጠል ላይ አድርጋ፣ ጎደሬውን ከምራ ተቀምጣ ነበር። አየችኝ፤ ሰላም አላለችኝም። ቆምኩ። ሁለት ሰው ገዝቶ ሄደ። ሦስተኛው መጣ። እግሬ ሲዝል የተቀመጠችበትን ማዳበሪያ ጫፍ ሳብ አድርጋ ወደ እኔ አስጠጋችው። ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይታ ብድግ አለች። «ቅቤውን ጠብቂ» ብላ ሄደች። የት እንደምትሄድ አልነገረችኝም።

ብዙ ቆየች። ፀሐዩ ዞሮ ቅቤው ላይ መጣ፤ ነጠላዬን አውልቄ በሁለት እጄ ዘርግቼ ጥላ አደረግኩለት። አንድ ሰውዬ መጥቶ በጣቱ ነክቶ አሸተተና «ባዕድ ነገር ገብቶበታል» አለ። እዚያው ቁጭ እንዳልኩ፣ አፍንጫውን ከየት እንዳመጣው፣ ቅቤ በቤቱ መቼ አይቶ እንደሚያውቅ፣ ሰው ፊት የሚቆም ከሆነም ጣቱን አስቀድሞ እንዲታጠብ በወላይትኛ ነገርኩት። ገዝቶ ሄደ። በዙሪያው ያሉት ሴቶች ሥራቸውን ትተው ያዩኛል።

አባይነሽ በጣሳ ውሃ ይዛ ተመለሰች። ከጎኗ ጎመን የምትሸጠው ሴት «ይቺን ተሳዳቢ ከየት አመጣሻት?» አለቻት።

አባይነሽ ውሃውን ለእኔ ሰጠችኝ። እስክጠጣ ጠበቀች።

«የልጄ አማት ናት» አለች።

ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር የቀረውን ቅቤ በቅጠሉ እየሸፈነች፣ «ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመለሳሉ» አለችኝ። «የምግቡን ነገር አስቢበት። በዚህኛው ይበላሉ።»